ሰኞ እዚያ ዛፍ ላይ ከሥር አትውጣ

ዛሬ የምመልሰው ደብዳቤ ከማልታ የመጣ ነው። ጸሐፊው የ29 ዓመት ወጣት ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቱን የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ማልታ ከገባሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ እንደ ብዙዎቻችን ጠዋት ጠዋት ማርሳ አደባባይ እየቆምኩ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። ብሎኬት ተሸክሜያለሁ፣ ሲሚንቶ አቡክቻለሁ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ሰውዬ የሆቴልና የቪላ ዘንባባ የሚቆርጥለት ሰው ፈልጎ ወሰደኝ። እግሬ ላይ ሹል ብረት አሰረልኝ፣ ቀበቶ ሰጠኝ፣ ‹ውጣ› አለኝ። ወጣሁ። ከግንባታው የተሻለ ይከፍላል። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወድጄዋለሁ። ላይ ስሆን ባሕሩ ይታየኛል፣ ነፋስ አለ፣ ማንም አይጮህብኝም። ግን ወረቀት የለኝም። የሥራ ፈቃዴ አሁንም በድሮ አሠሪዬ ስም ነው። ሄልሜት የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ከአንድ ወር በፊት እሾህ ጣቴን ወግቶኝ መገጣጠሚያው እስካሁን እንዳበጠ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ 11 ረዣዥም ዘንባባዎች ሰኞ እንጀምራለን ተብያለሁ፤ የቱሪስት ወቅት ሳይገባ ማለቅ አለባቸው። የደረቀ ቅጠላቸው ግንዱን ሸፍኖ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፤ ለዓመታት አልተነኩም። ‹ከሥር ጀምረህ እየቆረጥክ ውጣ፤ አናቱ ላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ አስቀር፣ ሆቴሉ ቶሎ ቶሎ መክፈል አይፈልግም› አለኝ። ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እናቴ አትክልት ቦታ የምሠራ ነው የሚመስላት። ልተወው? ወይስ ሙያዬ ብዬ ልያዘው?»

ወንድሜ፣

መጀመሪያ የሰኞውን ነገር እንጨርስ፤ ሌላው ይደርሳል። እዚያ ዛፍ ላይ ከሥር ጀምረህ አትውጣ። ደስ አላለኝም ያልከው ትክክል ነህ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ከገለጻህ እንደማየው ዛፎቹ ዋሺንግቶኒያ የሚባሉት ናቸው። ቅጠላቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ግንዳቸው ቀጥ ብሎ የሚወጣ። የትውልድ አገራቸው ካሊፎርኒያና ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ዛሬ ሙቀት ባለበት ሁሉ ተተክለዋል። ይህ ዘንባባ ቅጠሉ ሲደርቅ አይጥለውም። ወደ ታች አጥፎ ግንዱ ላይ ይለብሰዋል። የዘንድሮው ባምናው ላይ፣ ያምናው በካቻምናው ላይ ይደረባል። ሥራው ላይ ያለነው ሰዎች ቀሚስ ነው የምንለው። ስታየው ከግንዱ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ይመስላል። አይደለም። አብዛኛው የተያዘው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው። አንተ ከሥር ገብተህ የታችኛውን ስትቆርጥ የላይኛውን ደግፎ የያዘውን ነው የምታነሳው።

ያኔ ቀሚሱ ይንሸራተታል። አንዳንዴ ጥቂት ቅጠል፣ አንዳንዴ ግንዱን ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ባንድ ጊዜ። አንተ ደግሞ በቀበቶ ከግንዱ ጋር ታስረሃል። መሸሻ የለህም። ክብደቱ ትከሻህና አንገትህ ላይ ያርፋል፤ አገጭህን ደረትህ ላይ ይጫነዋል፤ ደረትህን ከግንዱ ጋር ያጣብቀዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው የሚሞተው ወድቆ አይደለም። እዚያው እንደታሰረ አየር አጥቶ ነው። መሬት ላይ ያሉት ጓደኞቹ ይጮኻሉ፣ መሰላል ያመጣሉ፣ ግን ያን ሁሉ ክብደት ከላዩ ማንሳት አይችሉም። እኔ ያለሁበት ካሊፎርኒያ ይህ አደጋ ሠራተኛ ደጋግሞ ገድሏል። ብዙዎቹ እንደ አንተ ከሌላ አገር የመጡ፣ «ውጣ» ሲባሉ የወጡ ልጆች ናቸው።

እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 14 ዓመት በዛፍ ሥራ ቆይቻለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ቀሚሱ እኔም ላይ መጥቶብኛል። የኔው ትንሽ ነበር፤ የሁለት ወይ የሦስት ዓመት ቅጠል ቢሆን ነው። እንደዚያም ሆኖ መጮህ አልቻልኩም። አፌ ተዘግቶ፣ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ሞልቶ፣ የሚሰማኝ የራሴ ልብ ብቻ ነበር። የተረፍኩት በዚያ ቀን ቅርጫት ያለው ማንሻ መኪና እዚያው መንገድ ላይ ስለነበረ ነው። ጓደኛዬ በቅርጫቱ መጥቶ ከጎን እየቆረጠ አወጣኝ። መኪናው ሌላ ሰፈር ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ታዲያ እነዚህ 11 ዛፎች እንዴት ይሠሩ? ቅርጫት ባለው ማንሻ መኪና። ቅርጫቱ ከዛፉ ጎን ይቆማል፤ ከላይ ተጀምሮ ወደ ታች ይቆረጣል። ሠራተኛው መቼም ከቀሚሱ ሥር አይሆንም። የሚታሰረውም ከቅርጫቱ ጋር ነው፤ ከዛፉ ጋር አይደለም። መኪና የማይገባበት ቦታ ላይ ገመድ በአናቱ አሳልፈው ከቀሚሱ ውጭ የሚወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱም ከላይ ነው የሚጀምሩት። ያን ግን ለብዙ ጊዜ ሰው አጠገብ ሆኖ ሳይማሩ አይሞከርም። አንተ አሁን እንዳትሞክረው።

ለሰውየው ብዙ አታብራራ። «ከሥር አልወጣም። ማንሻ መኪና ከተከራየህ ከላይ እጀምራለሁ፤ 11ዱም ቶሎ ያልቃሉ» በለው። የመጨረሻው ነገር ውሸት አይደለም። በመኪና ያለ ጥርጥር ይፈጥናል፤ ለሱም ያዋጣዋል። እምቢ ካለ ሰኞ አትሂድ። አንድ ሳምንት ማርሳ መቆም ይሻላል። ሕጉም ካንተ ጋር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1989 ያወጣው የሥራ ደህንነት መመሪያ አለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባድና ቅርብ አደጋ አይቶ ከሥራ ቦታው የራቀ ሠራተኛ በዚያ ምክንያት እንዳይጎዳ ይከለክላል። ማልታ የኅብረቱ አባል ናት። እርግጥ ሕግ መኖሩና ያ ሰው ማክሰኞ መልሶ ሥራ መስጠቱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም አትውጣ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ይህ ሙያ ነው ወይ? ነው። ጥሩ ሙያ ነው። ግን እስካሁን የተማርከው ግማሹን እንኳ አይደለም፤ መውጣት ብቻ ነው የተማርከው። መውጣትማ ድንጋይ ላይ ያደገ ልጅም ይወጣል። ሙያው ዛፉን ማወቅ ነው።

ዘንባባ ዛፍ ይባል እንጂ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ለበቆሎ ይቀርባል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዋንዛ ቢቆስል ዓመት ባለፈ ቁጥር ቁስሉን በአዲስ ልጥ እየሸፈነ ይሄዳል። የኛ አገር ዘንባባ ራሱ ከሥሩ ብዙ ግንድ ያወጣል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካል። አንተ ደሴት ላይ ያሉት ዋሺንግቶኒያና ወፍራም ግንድ ያለው የካናሪ ዘንባባ ግን አንድ ግንድ፣ አናታቸው ላይ ደግሞ አንድ ቡቃያ ብቻ ነው ያላቸው። ያ ቡቃያ ከተጎዳ ዛፉ አለቀለት። ግንዳቸው ላይ ያለ ቁስልም አይድንም። ቁስሉን የሚዘጋው፣ ሌላው ዛፍ ልጡ ሥር ያለው ሕያው ንብርብር፣ ዘንባባ ላይ የለም።

ስለዚህ ያን እግርህ ላይ የሚታሰረውን ሹል ብረት አውልቀው። የወጋኸው ቀዳዳ ሁሉ ዛፉ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። ሹሉ የሚፈቀደው ሙሉ በሙሉ ለሚቆረጥና ለሚወገድ ዘንባባ ብቻ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ድርጅት ሁላችንም በሹል ነበር የምንወጣው። ከ10 ዓመት በኋላ አንዱን መንገድ በእግሬ አልፌበት ቀና ብዬ አየሁ። ቀዳዳዎቼ ነበሩ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እስከ ላይ። የራሴን እርምጃ ቆጠርኩት። ያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት እስካሁን አልረሳሁትም።

ማልታ ውስጥ ደግሞ ቁስል ከሐፍረትም በላይ ነው። ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ አለ። ሰምተኸው ይሆናል፤ ካልሰማህ ከዛሬ ጀምሮ እወቀው። እህል ውስጥ የምናውቀው ነቀዝ ዘመድ ነው፤ ግን እስከ አራት ሳንቲሜትር የሚደርስ፣ የዝገት መልክ ያለው፣ አፉ እንደ ኩምቢ የረዘመ። ከደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው የመጣው። በ1980ዎቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ገባ። ከዚያ ከሚጓጓዝ ዘንባባ ጋር ሜዲትራኒያንን አዳረሰ። ማልታ የታየው በ2007 ነው። ሴቷ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ትሉ ከውስጥ እየበላ ይኖራል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ምልክቱ ሲታይ ብዙ ጊዜ መሽቷል።

የሚስበው ምን መሰለህ? የተቆረጠ ዘንባባ ሽታ። አዲስ ቁስል በሩቅ ይሸተዋል፤ መጥቶ እዚያው ላይ ይጥላል። ለዚህ ነው የካናሪ ዘንባባና ቴምር፣ ነቀዙ አጥብቆ የሚወዳቸው ማለት ነው፣ በብርድ ወራት የሚቆረጡት። ማልታ ላይ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት ነቀዙ ይደክማል። ሞቅ ሲል ይነሳል። አሠሪህ የቱሪስት ወቅት ሲቃረብ አረንጓዴ ቅጠል ቁረጥ ሲልህ፣ ሳያውቅ ነቀዙን ግብዣ እየጠራ ነው።

ከመውጣትህ በፊት አናቱን ለረዥም ጊዜ ቆመህ እይ። መሐል ላይ ያለው አዲስ ቅጠል ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይስ ወደ ጎን ጋድሏል? ቅጠሎቹ በመቀስ እንደተከረከሙ ጫፋቸው ተቆርጧል? አናቱ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች ከፍቷል? እንደ ጠላ ጥንስስ የሚኮመጥጥ ሽታ አለ? ሥሩ የታኘከ ጭራሮ ወድቋል? አንዱን ካየህ አትውጣ። ውስጡ የተበላ አናት ሰው አይሸከምም፤ ገመድህን ያሰርክበት ነገር አብሮህ ይወርዳል። ለባለቤቱ ንገረው፤ የማልታ የእፅዋት ጤና ክፍል እንዲያውቀው ይደረግ። የተበላ ዛፍ ቆርጦ እንዲሁ ጥግ ላይ መጣል አይቻልም። ትሉ ውስጡ ያድጋል፣ ይበራል፣ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ተከትፎ ይወገዳል። ገና በጊዜው ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለ፤ ግንዱ ውስጥ ይወጋል፣ ወይም ትሉን የሚገድሉ ጥቃቅን ትሎች በውሃ ይረጫሉ። ተስፋ የለውም እንዳትል። የስፔን የሆኑት የካናሪ ደሴቶች ነቀዙን በ2005 አገኙት፤ ዛፍ በዛፍ እየፈተሹ፣ የታመመውን እያስወገዱ፣ ከውጭ ዘንባባ ማስገባት ከልክለው በ2016 ነፃ መሆናቸውን አወጁ። ይህን ያደረጉት እንደ አንተ ቀና ብለው የሚያዩ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ስለዚህ ሥራ ሳስብ ልቤን የሚሞላው ይህ ነው።

ሌላው ገዳይ አንተ ራስህ በእጅህ ይዘኸው ልትዞር የምትችለው ነው። ፉሳሪየም የሚባል ፈንገስ አለ። የካናሪ ዘንባባን ይገድላል፤ መድኃኒት የለውም። ዋናው መጓጓዣው መጋዝ ነው። የታመመውን ቆርጠህ ወደ ጤነኛው ስትሄድ ታሻግረዋለህ። ምልክቱ ደስ የማይል ግን ግልጽ ነው። አንድ ቅጠል ላይ ግማሹ ጎን ደርቆ ሌላው ጎን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ የቅጠሉ አከርካሪ ላይ ቡናማ መስመር ይወርዳል። ስለዚህ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ መጋዝህን እጠብ። መጀመሪያ ብናኙን ጥረገው። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠህ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ንከረው። በረኪና ብረት ያዝጋል፤ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው። በረኪናውን ከሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅል። ሁለት የእጅ መጋዝ ያዝ፤ አንዱ ሲነከር በሌላው ትሠራለህ። ሞተር መጋዝ ውስጡ በዘይትና በብናኝ ስለሚሞላ በደንብ ማጽዳት አይቻልም። ለካናሪ ዘንባባ የእጅ መጋዝ ይሻላል።

ስለ አቆራረጡም። አናቱን መላጨት ዛፉን መግደያ ቀስ ያለ መንገድ ነው። ሰዓት አስብ። ሦስትና ዘጠኝ ቁጥሮች አግድም የሚያሰምሩትን መስመር አየኸው? ከዚያ በላይ ያለ አረንጓዴ ቅጠል አይነካም። ከመስመሩ በታች ያለውን ደረቅ፣ የአበባውን ዘንግ፣ የፍሬውን ዘለላ አንሳ፤ ይበቃል። ቢጫ ሆኖ ያላለቀ ቅጠል እንኳ ቢቻል ይቆይ። ዘንባባ አፈሩ ውስጥ ፖታሲየም ሲያጣ ካረጀው ቅጠል እየሳበ አዲሱን ያሳድጋል። አሮጌውን ስትቆርጥበት ስንቁን ነው የምትወስድበት። በየጊዜው የተላጨ ዘንባባ አንገቱ ይቀጥናል፣ ነፋስ ይሰብረዋል። ሆቴሉም የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ዛሬ አረንጓዴውን ብትላጨው የቀሩት ቅጠሎች ዘግይተው አይደርቁም። ለአሠሪህ ይህን በአንድ ቃል ለማስረዳት ከፈለግክ «የሞተ ዘንባባ ማስወገድ ከመከርከም በብዙ እጥፍ ይበልጥ ያስወጣል» በለው። ይገባዋል።

ሰኞ በማንሻ መኪናም ቢሆን፣ በሌላ ቀን በገመድም ቢሆን፣ የሚከተለውን ሳታሟላ ከመሬት አትነሳ። ታች የሚቆም ሰው ይኑር፤ እሱም አንተን ማውረድ የሚችል ይሁን። ቀበቶ ውስጥ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠበቅም። ቁጥሩ 112 ነው፣ ግን ማውረድ የናንተው ሥራ ነው። በገመድ ስትሠራ የአውሮፓ ደንብ ሁለት ለየብቻ የታሰሩ ገመዶች ይጠይቃል፤ አንዱ የምትሠራበት፣ አንዱ የሚይዝህ። መጋዝ ይዘህ ግንዱን የምታቅፍበት ማሰሪያ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ይሁን። ተራ ማሰሪያ በአንድ የመጋዝ ስህተት ይበጠሳል። አጠገብህ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ሥራው አይጀመርም። በማልታ ፀደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞ ወፎች ቀሚሱ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ አይተህ ጀምር። አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ማስክ አድርግ። መነጽርም። ይህን ሁሉ በነጻ ማቅረብ ያለበት አሠሪው ነው፤ ሄልሜቱን በራስህ መግዛትህ ራሱ ጥፋት ነው፤ የሱ ጥፋት።

ጣትህን ነገ አሳይ። የካናሪ ዘንባባ ቅጠል ሥሩ አካባቢ ያለው እሾህ እንደ መርፌ ነው፤ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ለወራት ያሳብጣል፤ ካልወጣ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል። ችግሩ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ሐኪሙን «የዘንባባ እሾህ ነው የወጋኝ፣ ወር ሆኖታል፣ በአልትራሳውንድ እዩልኝ» በለው። ይህን ሳትነግረው ከሄድክ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ይሸኝሃል። የቴታነስ ክትባትህንም ጠይቅ። እጅህ እንጀራህ ነው፣ ሌላ ሳምንት አትበል።

አሁን ወረቀቱ። ይህን ክፍል መጻፍ አልወድም፤ ግን ሳልጽፈው ባልፍ አይቀናኝም። ማልታ ውስጥ በ2021 አንድ አፍሪካዊ ሠራተኛ ከሚሠራበት ሕንፃ ወደቀ። አሠሪው ሆስፒታል በመውሰድ ፈንታ መንገድ ዳር ጥሎት ሄደ። አንተ እዚያው ስለነበርክ ሰምተኸዋል። አሠሪ እንዲህ የሚያደርገው ሠራተኛው ስሙ የትም ስለሌለ ነው። የሥራ ፈቃድህ በድሮው አሠሪ ስም እስካለ ድረስ አንተ ያ ዛፍ ላይ የለህም። ብትወድቅ ማን ነው የወደቀው? ጆብስፕላስ፣ የማልታ መንግሥት የሥራ ቅጥር መሥሪያ ቤት፣ ሄደህ ፈቃድህ በምን መንገድ እንደሚለወጥ ጠይቅ። ብቻህን መሄድ ከከበደህ ስደተኞችን በነጻ የሚያማክሩ ጠበቆች ደሴቲቱ ላይ አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን አማክር። ለአሠሪህም በስምህ እንዲያስመዘግብህና የደመወዝ ወረቀት እንዲሰጥህ ንገረው። በደህንነት ጉዳይ የሚቆጣጠረው የሥራ ጤናና ደህንነት ባለሥልጣን ነው። ሰውየው ለስምንት ወር ጥሩ ሠራተኛ አግኝቷል። እንዳያጣህ ከፈለገ ያስመዘግብሃል። ካልፈለገ ሌላ ፈልግ፤ ደሴቲቱ ላይ ዘንባባ የሚከረክም እሱ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ተማር። ኤምካስት የሚባለው የማልታ የሙያ ኮሌጅ የአትክልትና የእፅዋት ትምህርት ይሰጣል፤ ማታ ልትማር የምትችለው ነገር ካለ ሄደህ ጠይቅ። አውሮፓ ውስጥ «የአውሮፓ ዛፍ ሠራተኛ» የሚባል የምስክር ወረቀት አለ፤ ፈተናው ዛፍ ላይ መውጣትን፣ መቁረጥን፣ ሰው ማዳንን፣ የዛፍ እውቀትን አብሮ ያያል። እሱን የያዘ ሰው ከማልታ ወጥቶ ስፔንም ጀርመንም ሥራ ሲጠይቅ ይሰማል። አሜሪካ ያለው የአርቦሪስት፣ ማለትም የዛፍ ባለሙያ፣ ፈተና ደግሞ ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተቆጠረ፣ የተመዘገበ ልምድ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዝ። ቀን፣ ቦታ፣ የዛፉ ዓይነት፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደቆረጥክ ጻፍ። ፎቶ አንሳ። የዛፎቹን ስም በላቲን አጥና፤ አራት ቢሆኑ ነው። ፊኒክስ ካናሪየንሲስ፣ ፊኒክስ ዳክቲሊፌራ ማለት ቴምሩ፣ ዋሺንግቶኒያ ሮቡስታ፣ ዋሺንግቶኒያ ፊሊፌራ። ደንበኛ ፊት ቆመህ የዛፉን ስም ስትጠራ ከቀን ሠራተኛ ወደ ባለሙያ የምታልፈው እዚያ ጋ ነው። ሲሆን አይቼዋለሁ። እኔም ላይ ሆኗል።

እናትህን በተመለከተ። ላይ ስሆን ባሕሩ ይታየኛል፣ ማንም አይጮህብኝም ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለዓመታት ብሎኬት የተሸከመ ሰው ይህን ሲል ቀላል ነገር አይደለም። ያን ደስታ ለናትህ ስለደበቅካት እሷም አጥታዋለች። ከፍታውን አሁን አትንገራት፤ ወረቀትህና ገመድህ ሲስተካከል ትነግራታለህ። ግን ዘንባባ እንደምታክም ንገራት። ሰሞኑን ሆሳዕና ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ይዛ የመጣችውን ዘንባባ እንደ ልማዷ ጣቷ ላይ ወይ ግንባሯ ላይ ታስራለች። ስትደውልላት ስለ ዘንባባው ጠይቃት፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደቆረጠው። ከዚያ አንተ የምታውቀውን ንገራት፤ አንድ ቡቃያ ብቻ እንዳለው፣ ቁስሉ እንደማይድን፣ ነቀዝ እንደገባበትና እንዴት እንደምትፈልገው። ሰኞ ማታ ደውልላት። እኔም ሰኞ ማታ መልእክትህን እጠብቃለሁ።